ጉሎ በደረቅ ምድር

ከጓሮ፣ ከአጥር ጥግ፣ ከወንዝ ዳር፣ ከፈረሰ ቤት ፍራሽ ላይ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለውን፣ በተከፋፈለ ሰፊ ቅጠሉና ለስላሳ እሾህ በሸፈነው ፍሬው የሚታወቀውን ጉሎን የማያውቅ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ ተገዝቶ ሲገባ ባለሙያዋ እመቤት አስቀድማ የምትፈልገው ይህንኑ ፍሬ ነው፤ ፍሬው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ምጣዱም በእሳት ላይ ተጥዶ በደንብ ሲግል የተወቀጠው ጉሎ በጨርቅ ተይዞ ፊቱ ደጋግሞ ይታሻል፤ ዘይቱ ወደ ሸክላው ውስጥ እየሰረገ፣ ጭሱም ቤቱን እየሞላ፣ ቀይ የነበረው የምጣዱ ገጽ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም እንጀራው ሳይዝ የሚነሣበት ይሆናል። ምጣድ ማሟሸት የሚባለው ይህ ሙያ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ፣ ሙያውን የምታውቅ ሴት ሁሉ ስለ ጉሎ ዘይት ጠባይ ብዙ ነገር በእጅዋ ታውቃለች ማለት ነው።

ይህ በየጓዳው የሚታወቅ፣ ስለ ክብሩ ግን የሚጠይቅለት ያጣ ተክል ዛሬ በዓለም ኢንዱስትሪ ዘንድ በሌላ ዘይት በቀላሉ የማይተካ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ከሞተር ቅባት እስከ ከንፈር ቀለም፣ ከመኪና ፍሬን ቱቦ እስከ ቆዳ ፋብሪካ ድረስ ያልገባበትን ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህም ዝናብ የሚያጥራቸውን አገሮች የሚያስተዳድሩ ሰዎችና ገንዘባቸውን በእርሻ ላይ ለማዋል የሚሹ ነጋዴዎች በየዘመኑ ወደ ጉሎ ይመለሳሉ። አሳባቸውም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይህ ተክል ማንም ሳይንከባከበው በድንጋይ መካከል የሚበቅል ከሆነ፣ ሌላ አዝመራ የማይሰጠውን ደረቅ ምድር ሁሉ በጉሎ ሸፍነን ድኻውን ገበሬ ከችግሩ እናውጣው ይላሉ። አሳቡ በጎ ነው፤ ነገር ግን ድርቅን ችሎ በሕይወት መቆየት አንድ ነገር፣ በድርቅ ውስጥ ቆሞ ለገበሬው የሚበቃ ፍሬ መስጠት ሌላ ነገር መሆኑ ስላልታሰበበት ብዙ ጊዜ ሳይሠምር ቀርቷል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚሞሉት የተመረጠ ዘር፣ በአስፈላጊው ሰዓት የሚደርስ ጥቂት ውኃና በቅርብ የሚገኝ ታማኝ ገዢ መሆናቸውን የተክሉ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል።

የዕፅዋት ሊቃውንት የጉሎን የትውልድ አገር ሲፈልጉ ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ አይርቁም። በተለይም በኢትዮጵያ ምድር የዘሩ ዓይነት እጅግ መብዛቱን፣ የአንዱ ግንድ ቀይ የሌላው አረንጓዴ፣ የአንዱ ፍሬ ደቃቅ የሌላው ትልቅ፣ አንዱ ዛፍ አክሎ ለዓመታት የሚቆም ሌላው በአጭሩ የሚቀር መሆኑን አይተው፣ የተክሉ መገኛ ይህ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ግብፃውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ፍሬውን ከሙታናቸው ጋር በመቃብር ያኖሩት እንደ ነበር በቁፋሮ ታውቋል፤ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈውና ኤበርስ ፓፒረስ የሚባለው የሕክምና ጽሑፋቸውም ይጠቅሰዋል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፣ በረግረግ አገር የሚኖሩ ግብፃውያን ተክሉን በወንዝና በኩሬ ዳር እየዘሩ፣ ከፊሎቹ ፍሬውን ቀጥቅጠው በመጭመቅ፣ ከፊሎቹም ቆልተው በመቀቀል ዘይቱን እንደሚያወጡ፣ ለመብራትም የተስማማ እንደ ሆነ ከተረከ በኋላ፣ ሽታው ከባድ መሆኑን ሳይጠቅስ አላለፈም። በየዓመቱ በጾመ ነነዌ በሚታሰበው በነቢዩ ዮናስ ራስ ላይ በአንዲት ሌሊት በቅሎ ጥላ የሆነውን፣ በማግሥቱም ትል መትቶት የደረቀውን ተክል ከጉሎ ጋር አንድ የሚያደርጉ የቅዱሳት መጻሕፍት ተመራማሪዎችም ጥቂት አይደሉም፤ ጉሎ በክረምት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያድግና ቅጠሉ ምን ያህል ጥላ እንደሚሰጥ ያየ ሰው አሳባቸው ከምን እንደ ተነሣ አይጠፋውም።

ከዘይቱ ምሥጢር እንጀምር። የጉሎ ፍሬ በመቶ ከ45 እስከ 50 የሚሆነው ክብደቱ ዘይት ነው፤ ይሁን እንጂ ሰሊጥም ከዚህ የማያንስ ዘይት ስላለው፣ ብዛቱ ብቻ ጉሎን ከሌሎቹ አይለየውም ነበር። የሚለየው ከዘይቱ በመቶ ከ85 እስከ 90 የሚደርሰው ሪሲኖሌይክ አሲድ ከተባለ ከአንድ ዓይነት የስብ አሲድ መሠራቱ ነው። ይህ አሲድ ዐሥራ ስምንት የካርቦን አተሞች ተያይዘው የቆሙበት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ በዘጠነኛውና በዐሥረኛው መካከል ድርብ ማሰሪያ አለበት፤ በዐሥራ ሁለተኛው ላይ ደግሞ የተለመዱት የምግብ ዘይቶች የሌላቸው አንድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ተንጠልጥሎበታል። በዚህች በአንዲት ጥንድ ምክንያት የዘይቱ ጠባይ ሁሉ ይለወጣል፤ ሞለኪውሎቹ በእርስዋ አማካይነት እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ ዘይቱ ከሌሎች ዘይቶች ሁሉ ይልቅ ወፍራምና ዝልግልግ ይሆናል፣ በአልኮል ይሟሟል፣ በማዕድን ዘይትና በቤንዚን ግን በቀላሉ አይሟሟም፣ ብርድም ቶሎ አያረጋውም።

ኬሚስቱ ይህን ሰንሰለት እንደ ፈቃዱ ይቆርጠዋል። በብርቱ ሙቀት ቢሰብረው ዐሥራ ስምንቱ ካርቦን ዐሥራ አንድና ሰባት ሆኖ ይከፈላል፤ ዐሥራ አንዱ ፈረንሳውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሪልሳን በሚል ስም ለገበያ ያወጡት የናይሎን 11 መሠረት ሲሆን፣ ከእርሱም የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመርና ከባሕር በታች የሚዘረጋ የቧንቧ ልባስ ይሠራል፤ ሰባቱ ወደ ሽቶ ቀማሚዎች ይሄዳል። በብርቱ አልካሊ ቢሰብረው ደግሞ ዐሥርና ስምንት ይሆናል፤ ዐሥሩ ሴባሲክ አሲድ ተብሎ ለሌላ ዓይነት ናይሎንና ለልዩ ልዩ የሞተር ቅባቶች ይውላል። ሳይሰብረው ሃይድሮጅን ቢጨምርበት ዘይቱ ጠጥሮ ሰም ይሆናል፤ ከዚህም የሚገኘው አሲድ ከሊቲየም ጋር ተዋሕዶ በዓለም ጋራዦች ውስጥ በብዛት የሚታየውን ግሪስ ያስገኛል። በሰልፈሪክ አሲድ የታሸ የጉሎ ዘይት ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጥጥ በቀይ ቀለም ለሚነክሩ ፋብሪካዎች ረዳት ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም ቆዳ ያለሰልሳል። በመጨረሻም ያችን የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ በሙቀት ውኃ አድርጎ ቢያወጣት፣ ከዚያ በፊት በአየር የማይደርቅ የነበረው ዘይት ተለውጦ የሚደርቅና ጠንካራ ልባስ የሚሠራ ይሆናል፤ የቀለም ፋብሪካዎች ይህን የሚሠሩት በሳይንስ መሪነት ነው፤ በጋለ ምጣድ ላይ ጉሎ የምታሸው እናት ሥራ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ አይመስለኝም።

የጉሎ ዘይት ለነገሥታቱና ለጦር አለቆቹ አስፈላጊ ሆኖ የተገኘው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት አይሮፕላኖች ብዙዎቹ ኖምና ለ ሮን በተባሉት የፈረንሳይ ሞተሮች፣ ወይም በእነርሱ አምሳል በተሠሩ፣ ሲሊንደሮቻቸው ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው በሚሽከረከሩ ሞተሮች ይበሩ ነበር። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ የቤንዚኑና የአየሩ ድብልቅ በሞተሩ ሆድ በኩል ስለሚያልፍ፣ የማዕድን ዘይት ቢጨመር ቤንዚኑ እያሟሟ ያጥበዋል፣ ብረትም ከብረት ጋር ይፋጫል፤ በቤንዚን የማይሟሟው የጉሎ ዘይት ግን ቦታውን ሳይለቅ ያገለግላል። ሞተሩ የተጠቀመበትን ዘይት ወደ ጋኑ የሚመልስበት መንገድ ስላልነበረው ከጭሱ ጋር ወደ ውጭ ይረጨው ነበርና፣ አብራሪው በሰማይ ላይ ሳለ ፊቱና ልብሱ በጉሎ ዘይት ይታጠብ፣ ጉሙንም ይተነፍሰው ነበር። እንዲህ በየበረራው ተረጭቶ የሚጠፋ ዘይት ምን ያህል እርሻ እንደሚፈልግ መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ አሜሪካውያን ወደ ጦርነቱ ሲገቡ ለአይሮፕላኖቻቸው የሚሆነውን ዘይት በገዛ አገራቸው ለማምረት አስበው፣ ዘሩን ከሕንድ አስመጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1918 በፍሎሪዳና በአካባቢዋ ገበሬዎችን በውል አዘሩ። ፍሎሪዳ ሙቀት አላት፣ ዝናብም አላት፤ ለላይ ተመልካች ከዚህ የበለጠ የተመቸ አገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን አበባው በዘለላው ላይ በወጣበት ጊዜ እርጥበት የማይለየው አየር ግራጫ ሻጋታ አመጣበት፤ ሻጋታው ከአበባ ወደ ፍሬ፣ ከፍሬ ወደ ዘለላው እየተሸጋገረ በጥጥ መሰል ሽፋን ከደነው፣ አበሰበሰውም፤ በዚያ ዓመት በጉሎ እርሻ ላይ ያደረሰው ጥፋት በዕፅዋት ሕመም መጻሕፍት ውስጥ የዚህ በሽታ መታወቂያ ሆኖ ተመዝግቧል። ጉሎን ወደ ደረቅ አገር የሚገፋው አንደኛው ብርቱ ምክንያት ይህ ነው፤ ደረቅ አገር ለጉሎ የሚስማማው ውኃ ስለማያስፈልገው ሳይሆን፣ አበባና ፍሬ በሚይዝበት ወራት የሰማዩ ጥራት ከሻጋታ ስለሚጠብቀው ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ሰዎች ሲሳሳቱ ስለማይ ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም፤ ለጉሎ የሚበጀው ሥሩ ውኃ አግኝቶ ራሱ ደረቅ አየር ሲያገኝ ነው።

ተክሉ ለዚህ ኑሮ በሚገባ የተሰናዳ ነው። ዋናው ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ጠልቆ የሚወርድ ስለሆነ፣ ማሽላና በቆሎ የማይደርሱበትን እርጥበት ይፈልጋል፤ ቅጠሉና ግንዱ በብዙዎቹ ዓይነቶች ላይ ነጭ አቧራ የሚመስል ሰም ይለብሳሉ፤ ድርቅ ሲበረታም የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ፣ እድገቱን አቁሞ፣ ዝናብ እስኪመለስ ይጠብቃል። ስለዚህ በድርቅ ዓመት ከሌላው አዝመራ ሁሉ ተለይቶ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ገበሬውም መንግሥትም ይደነቃሉ። ነገር ግን ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የቆየ ተክል ሁሉ ፍሬ አይዝም። በጉሎ ዘለላ ላይ ከላይ አንስታይ አበቦች፣ ከታች ተባዕታይ አበቦች ይቀመጣሉ፤ የወንዱንም ዱቄት ወደ ሴቷ የሚያደርሰው በአብዛኛው ነፋስ ነው፤ ተክሉ በሙቀት ወይም በጥማት ሲጨነቅ ተባዕታዩ በዝቶ አንስታዩ ያንሳል፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ፍሬ መያዙ ይጎዳል። ዝናብ ብቻውን ለሚያጠጣው እርሻ በዓመት ከ500 እስከ 750 ሚሊ ሜትር ቢያገኝ መልካም ነው፤ ከዚያ በታች ተክሉ ይኖራል፣ ገበሬው ግን የሚያፍሰው ጥቂት ይሆናል። ውርጭ ደግሞ ፈጽሞ አይችልም።

ይህ ሁሉ በአንድ አገር ተጠቃሎ የሚታየው በምዕራብ ሕንድ በጉጃራት ነው። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው የጉሎ ፍሬ ከዐሥር እጅ ዘጠኝ ገደማ የሚሆነው ከሕንድ ሲመጣ፣ ከዚያም ውስጥ እጅግ የሚበዛው ባናስካንታ፣ መህሳና፣ ፓታንና ካች ከሚባሉት የጉጃራት ወረዳዎች ይሰበሰባል። ካች የጨው በረሃ የሚዋሰነው፣ የዓመት ዝናቡም 400 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አገር ነው፤ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ዘንቦ ያቆማል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ጥርት ያለ ሰማይና ደረቅ ነፋስ ብቻ ናቸው። ገበሬው ጉሎውን በክረምቱ መግቢያ ይዘራል፤ የመጀመሪያው ዘለላ በአራተኛው ወር ገደማ፣ ማለትም ዝናቡ ካባራ በኋላ ይደርሳል፤ ከዚያም ከጎን የሚወጡት ቅርንጫፎች በየተራ ሌላ ዘለላ እያወጡ እስከ መጋቢት ድረስ ይቀጥላሉ። አንዱን ማሳ አንዴ አጭዶ መሄድ የለም፤ ለቀማው አራትና አምስት ጊዜ የሚመላለስ ሥራ ነው።

ይህን ለቀማ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ብዙ ትምህርት አለው። ለቃሚው ዘለላውን የሚቆርጠው ፍሬው ሁሉ እስኪደርቅ ጠብቆ አይደለም፤ እንዲያ ቢያደርግ ቀድመው የደረቁት ቅርፊቶች በፀሐይ እየፈነዱ ዘሩን በመሬት ላይ ይበትኑታል፤ ፈጥኖም አረንጓዴውን ቢቆርጥ ዘሩ ቀሊልና ዘይቱ የቀነሰ ይሆናል። ስለዚህ በዘለላው ላይ ጥቂት ቅርፊቶች ብጫ ሆነው መድረቅ ሲጀምሩ በማጭድ ይቆርጠዋል፤ በአውድማ አስጥቶ ለቀናት ፀሐይ ያስመታዋል፤ ሲደርቅ በዱላ ወይም በመውቂያ መኪና ይወቃዋል፤ ሦስት ሦስት ሆነው በየቅርፊቱ የተቀመጡት ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቁ ዘሮችም ይወጣሉ። አሜሪካውያን በቴክሳስ ከፍተኛ ሜዳዎች ላይ ይህን ሁሉ ለማሽን አሳልፈው ለመስጠት አጫጭርና የማይበተኑ ዓይነቶችን መርጠው ለብዙ ዓመታት ደክመው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ግን እርሻው ተቋረጠ፤ የሰው እጅ የሚበዛበት አገር ከማሽኑ ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ።

ነገር ግን የጉጃራትን ድል በእጅ ብዛት ብቻ መተርጐም ግፍ ይሆናል። የቴክሳስ ተመራማሪዎች ዘለላቸው ከሞላ ጎደል አንስታይ አበባ ብቻ የሚያወጡ መስመሮችን አግኝተው ነበር፤ እንዲህ ያለችው እናት ተባዕታይ አበባዋን በእጅ መልቀም ሳያስፈልግ ከተመረጠ አባት ጋር በነፋስ ትዳቀላለችና፣ ዲቃላ ዘርን በብዛት ለማውጣት መንገዱ ተከፈተ። የጉጃራት ሊቃውንት ከቴክሳስ የመጣችውን እንዲህ ያለች እናት ከአገራቸው አባት ጋር አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ1968 ጂ.ሲ.ኤች. 3 የተባለውን፣ በዓለም የመጀመሪያው የሆነውን ለገበሬ የተሠራጨ የጉሎ ዲቃላ ዘር አወጡ። ምርቱ ከፍ አለ፤ ከፍ ባለ ጊዜ ግን በአፈር ውስጥ የሚኖረው የሥር ጠውላጊ በሽታ ተከትሎ መጣ፤ ዓመት ዓመት በዚያው ማሳ ጉሎ የሚዘሩ ሰዎች የቆመ ተክላቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲደርቅ አዩ። ለዚህም በ1986 የወጣው ጂ.ሲ.ኤች. 4፣ ቀጥሎም ሌሎች ዲቃላዎች በሽታውን እየተቋቋሙ መጡ። የዚህ ዘር ሥራ በዳንቲዋዳ ያለው የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ለዐሥርተ ዓመታት ሳያቋርጥ የያዘው በመሆኑ፣ ጉጃራት ያላት ሀብት በረሃዋ አይደለም፤ ይህ ትዕግሥት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምሥጢር ውኃ ነው። የጉጃራት ጉሎ አብዛኛው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከጉድጓድ ወይም ከቦይ ውኃ ይጠጣል፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ የጎን ዘለላዎቹ የሚያብቡበትን ወራት ጠብቆ ስለሚሰጥ ፍሬው በየተራው ይሞላል። በዚያው በሕንድ በደቡብ፣ በቴላንጋና ማህቡብናጋርና ናልጎንዳ በሚባሉት አውራጃዎች ገበሬዎች ጉሎን በስስ ቀይ አፈር ላይ በዝናብ ብቻ ሲዘሩ ኖረዋል። ተክሉ አንድ ነው፣ አገሩም ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ጉጃራት በሄክታር 20 ኩንታል ገደማ ሲያገኝ የደቡቡ ገበሬ ብዙውን ጊዜ ሲሶውን ወይም ከዚያ ያነሰ ያገኛል። ጉሎ ድርቅ ይችላል የሚለውን ቃል ለሚያነሣ ሰው ሁሉ ጉጃራትንና ይህን ደቡብ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማሳየት ይበቃል። ጉጃራትም ቢሆን ከዋጋ አላመለጠም፤ በባናስካንታና በመህሳና የጉድጓዱ ውኃ ዓመት ዓመት እየራቀ ሄዶ፣ መንጠባጠቢያ ቧንቧ መዘርጋትና ውኃውን በጠብታ መስጠት የግድ ሆኗል።

ሦስተኛው ገበያ ነው። በጉጃራት ገበሬው ጆንያውን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው የጨረታ ገበያ ይሄዳል፤ መጭመቂያዎቹ ከዚያ አይርቁም፤ ዘይቱ ከካንድላና ከሙንድራ ወደቦች ወደ ቻይና፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይጫናል። ይህ ሁሉ ቅርበት እያለም እንኳ ዋጋው ያንገላታዋል፤ የዓለም ሕዝብ ጉሎን ስለማይበላው፣ ጥቂት ፋብሪካዎች መግዛት ባቀዘቀዙ ጊዜ የተረፈውን የሚወስድ ሌላ አፍ የለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ዋጋው በፍጥነት ስለ ወደቀ የሕንድ የእርሻ ምርት ውል ገበያ በጉሎ ላይ የሚደረገውን ግብይት እስከ ማቆም ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ናይሎን ሠሪው አርኬማ፣ የጀርመኑ ባስፍና የሕንዱ ጀያንት አግሮ ከሶሊዳሪዳድ ድርጅት ጋር ሆነው ፕራጋቲ የተባለ መርሐ ግብር ከፍተው ገበሬውን ስለ ዘር፣ ስለ ውኃ ቁጠባና ስለ ደኅንነት ማስተማር ጀመሩ፤ ገዢው ራሱ ወደ ማሳው መውረዱ መልካም ምልክት ነው።

ስለ ደኅንነት ሲነሣ መርዙን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። በጉሎ ዘር ውስጥ ሪሲን የሚባል ጽኑ መርዝ አለ፤ ዘይቱ ሲጨመቅ ግን መርዙ በዘይት ስለማይሟሟ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የኑጉን ፋጉሎ ለከብቱ እንደሚሰጥ ሰው የጉሎውን ፋጉሎ ሳያበስሉና መርዙን ሳያጠፉ ለከብት መስጠት ከብቱን መግደል ነው፤ ነገር ግን በናይትሮጅን የበለጸገ ስለሆነ ለአፈር መልካም ማዳበሪያ ይሆናል፤ ከቋሚ ተክሎችና ከአትክልት ሥር ይበተናል። የፋጉሎው ብናኝ ደግሞ በሳንባና በቆዳ ላይ ብርቱ አለርጂ ያስነሣልና፣ በመጭመቂያው አካባቢ የሚሠሩ ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን መሸፈን ይገባቸዋል፤ ሕፃናትም ዝንጉርጉሩን ዘር እንደ መጫወቻ እንዳይዙት መጠበቅ ያስፈልጋል።

የጉሎ ተስፋና ውድቀት በአንድነት የታዩበት ሌላው አገር ብራዚል ነው። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ያለው ሰፊ ከፊል በረሃ ለብዙ ዘመን የድርቅና የስደት አገር ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሉላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 የባዮዲዝል መርሐ ግብራቸውን ሲያስጀምሩ የዚህን አገር ትናንሽ ገበሬዎች በጉሎ አማካይነት ለማንሣት ታስቦ፣ ከእነርሱ ፍሬ ለሚገዛ ፋብሪካ የግብር ቅናሽ ተሰጠ። አሳቡ እጅግ የሚያስመሰግን ነበር። ነገር ግን ያች ስለ ዘይቱ ክብር የተናገርንላት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ እዚህ እንቅፋት ሆነች፤ ከጉሎ ዘይት ብቻ የተሠራው ባዮዲዝል ለሞተር ከተወሰነው ልክ ይልቅ ወፍራም ሆነ። ከዚህም በላይ የኬሚካል ፋብሪካዎች ለጉሎ ዘይት ከናፍጣ የበለጠ ዋጋ ስለሚከፍሉ፣ ውዱን ዘይት ማቃጠል ማንንም አላተረፈም። የገበሬው ማሳ ደግሞ በዝናብ ብቻ የሚተማመን፣ የተመረጠ ዘርም በሚገባ ያልደረሰው በመሆኑ ምርቱ ዝቅተኛ ሆኖ ቀረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የብራዚል ባዮዲዝል በአብዛኛው የአኩሪ አተር ሆነ፤ በሴያራ ክፍለ አገር በኪሻዳ የተተከለው የመንግሥት ኩባንያ ፋብሪካም በ2016 ተዘጋ።

በእኛም አገር ታሪኩ ከዚህ ብዙ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ልማት ስትራቴጂ በወጣ ጊዜ ከውጭ የመጡ ኩባንያዎች በወላይታና በምሥራቅ ሐረርጌ ጉሎ ለማልማት ተነሡ። በሐረርጌ የአንዱ እርሻ ወሰን ወደ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በመግባቱ ብዙ ሙግት አስነሣ። በወላይታ ገበሬዎች ከትንሽ ማሳቸው ከፍለው በውል ጉሎ ዘሩ፤ ይህም በምግብ እጥረት ዘመን መሆኑ ብዙ ሰው አሳዘነ፣ ወቀሳም አመጣ። ይሁን እንጂ ፍርድ ከመስጠት በፊት ማርታ ነጋሽና ዮሐን ስዊነን በ2013 ያወጡትን ጥናት ማየት ይገባል፤ በውሉ የገቡት ቤተሰቦች የምግብ እጥረታቸው እንደ ቀነሰ አግኝተዋልና። ምክንያቱም በውሉ በኩል ማዳበሪያና ምክር ለገበሬው ይደርስ ነበር፤ ጉሎውም የመሬታቸውን ትንሽ ክፍል ብቻ ነበር የያዘው። እንግዲህ ጉሎው በራሱ ክፉ አልነበረም፤ የተበላሸው ገዢው ሲሄድ ነው፤ ኩባንያዎቹ ሥራቸውን ሲያቆሙ ፍሬውን የሚረከብ ሌላ መጭመቂያ በአካባቢው ስላልነበረ፣ ገበሬው የደከመበትን ዘለላ ለአጥሩ መልሶ ተወው።

አሁን በጎረቤታችን በኬንያ የጣልያኑ የነዳጅ ኩባንያ ኤኒ እ.ኤ.አ. በ2022 በማኩዌኒ የፍሬ መጭመቂያ ከፍቶ፣ ጉሎን ጨምሮ ከደረቁ አገር የሚሰበሰብ ፍሬ ዘይቱን ወደ ጣልያን ማጣሪያዎቹ ይልካል። እንደ ብራዚሉ ዘይቱን ለነዳጅ ማዋል ከሁሉ የሚሻል መንገድ ነው ብዬ አላምንም፤ መጭመቂያውን ግን ከገበሬው አጠገብ ማኖሩ ተገቢ ሥራ ነው። ለእኛ ደግሞ ጉሎን ከነዳጅ ጉዳይ አላቅቀን ከቆዳ ፋብሪካዎቻችን፣ ከሳሙናና ከቀለም ሥራችን ጋር ብናገናኘው ገዢው ከባሕር ማዶ መሆኑ ይቀራል። የጉሎ ቅጠል የሚመገበው የኤሪ ሐር ትል በመልካሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተጠንቶ ለገበሬ ስለ ተዋወቀ፣ ከአንዱ ተክል ቅጠሉ ለሐር፣ ፍሬው ለዘይት ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉን አብዝቶ መቁረጥ ፍሬውን እንዳይቀንስ ግን ልክ ማበጀት ያሻል።

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ግን የዘሩ ሥራ ነው። የሕንድ አዳቃዮች የመጀመሪያ ዲቃላቸውን እናት ያገኙት ከውጭ ነው፤ የተክሉ ዓይነት እጅግ የበዛበት አገር ግን ይህ የእኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የዘር ባንካችን ከየአውራጃው የተሰበሰበ ጉሎ ያኖራል፤ ከዚያ ውስጥ የሥር ጠውላጊን የሚችለው የትኛው እንደ ሆነ፣ አጭር ሆኖ ዘለላው ሳይበተን የሚቆየው የትኛው እንደ ሆነ፣ በቆላው ሙቀት አንስታይ አበባው የማይቀንሰው የትኛው እንደ ሆነ በማሳ ላይ ተዘርቶ ዓመት ከዓመት መመዝገብ አለበት። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ በአዋሽ ሸለቆና በደቡብ ቆላ ጥቂት ቦታዎች፣ ውኃ የሚጠጣና የማይጠጣ ማሳ ጎን ለጎን፣ በለቀማው ወራት ሳይሰለች እየተመላለሰ ከየዘለላው የወጣውን ፍሬ የሚመዝን ሰው ነው።